የግራው ባትሪ

«የተከበራችሁ ሐዘንተኞች» አለ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ፒዮ፣ የሶጁ አረቄ ጠርሙሱን በማንኪያ መታ መታ አድርጎ። «በሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ባልወድም፣ የሟች ወንድማችን የኦክ ጊልማን ጀልባ የግራ ባትሪ፣ በአገር ውስጥ ሲታከም ቆይቶ፣ ዛሬ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ለወዳጅ ዘመዶቹ መጽናናትን እመኛለሁ።»

በለቅሶ አዳራሹ ቀይ የሥጋ ሾርባቸውን የሚጠጡት ሰዎች መሳቁንም አለመሳቁንም ፈርተው ወደ አንድ ጥግ ዞሩ። ጥጉ ላይ የሟች ታናሽ ወንድም ቻንግሱ፣ ክንዱ ላይ የሐዘን ጨርቅ አስሮ ተቀምጧል። የወደቡ የሞተር መካኒክ እሱ ነው። ያንን ባትሪ አሥራ አንድ ዓመት ያከመውም እሱ ነው።

ፒዮ አጠገቡ መጥቶ ዘጭ አለ። «እንኳን ሐኪም አልሆንክ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ አዳራሽ ባዶ አያድርም ነበር።»

ቻንግሱ ሾርባውን አማሰለ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ጉዳዩ ግን የምር ነበር። ጊልማን ከሞተ ሦስተኛው ቀን ነው፤ በወጉ መሠረት የተቃጠለው አስከሬኑ አመድ ዛሬ ወደ ትውልድ ደሴቱ ተሻግሮ መቀበር አለበት። ከእኩለ ቀን በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ የደሴቷ ወደብ ጭቃ ስለሚሆን መርከብም ጀልባም አያስጠጋም። ሚስቱ ማልሱን ደግሞ ባሌ ዕድሜውን ሙሉ በራሱ ጀልባ ተሻግሮ የመጨረሻውን በልመና አይሳፈርም ብላ ቁርጡን ተናግራለች። ጀልባው ሁለት ሞተር፣ ለየሞተሩም አንድ አንድ ባትሪ አለው፤ በመንገድ ላይ ያለውን ኃይለኛ የባሕር ጅረት በአንድ ሞተር የሚደፍር የለም። ማለዳ ከቀኙ ባትሪ በኤሌክትሪክ ገመድ ተበድረው አስነስተው ሞክረውት ነበር፤ የግራው ሞተር ከወደቡ አፍ እንኳ ሳይወጣ ኃይል አጥቶ ጸጥ አለ። በቻርጀር እንዳይሞሉት ሰዓቱ አይበቃም፤ አዲስ ባትሪ እንዳይገዙ በዓል ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ።

የሟች ልጅ ጄሆ፣ መርከብ መሥሪያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ የቮልት መለኪያውን እንደያዘ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ሞተሩ ጤነኛ ነው አለ፤ አሥራ አራት ቮልት ያመነጫል። ባትሪው ላይ ሲለካ ግን አሥራ ሁለትም አይሞላም። ኃይሉ መሃል ላይ የት እንደሚገባ ግራ ገብቶታል።

ማልሱን ከባሏ ፎቶ ሥር ሳትነሳ ቻንግሱን አየችው። «አንተ ሂድ» አለችው።

ቻንግሱ የት እንደሚገባ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት አውቋል።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት እናታቸው ስትሞት እሱ ሩቅ ባሕር ላይ፣ ቱና ዓሣ የሚያጠምድ መርከብ ላይ ነበር። አምስት ቀን ቆዩኝ ብሎ መልእክት ላከ። ጊልማን የቤቱ ታላቅ ነውና ሦስት ቀን ሦስት ቀን ነው አለ፤ በሦስተኛው ቀን ቀበራት። ቻንግሱ ሻንጣውን ይዞ በአራተኛው ቀን ወደቡ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ወንድማማቾቹ በአንድ መንገድ አልሄዱም።

ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። «የግራው ባትሪ ሞቷል» አለ ጊልማን። ሰላምታም የለው።

ቻንግሱ ሄደ። የወለሉን ሳንቃ ባነሣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ችግሩን አገኘው። ከግራው ሞተር የሚመጣው ሽቦ ከግራው ባትሪ ተነቅሎ ቀኙ ላይ ታስሯል። ቀኙ የሁለት ሞተር ቀለብ ይበላል፣ ግራው ይጾማል። ሽቦው ላይ የተጠመጠመው አረንጓዴ ፕላስተር ገና አዲስ ነው፤ እንደዚያ ሦስት ጊዜ አዙሮ ጫፉን ወደ ኋላ የሚያጥፍ ደግሞ በዚያ ባሕር ዳርቻ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው፣ ጊልማን፣ ጀርባውን ሰጥቶ መረብ የሚጠግን መስሎ ቁጭ ብሏል። በእጁ ያለው መረብ ግን ቀዳዳ አልነበረውም።

ቻንግሱ ሳንቃውን መለሰው። «ባትሪው አርጅቷል» አለ። «ልሙላውና በሁለት ሳምንት ተመልሼ አየዋለሁ።»

እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ቻርጀሩን ተሸክሞ ይመጣል፤ ባትሪው እስኪሞላ ጥሬ ዓሣ ቆርጠው ይበላሉ። «ስንት አለ?» ይላል ታላቅ። «አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት።» «ዝቅ ብሏል።» «ዝቅ ብሏል።» የእናታቸው ስም አንድም ቀን አልተነሣም። ወደቡ በሙሉ ግን ቻንግሱ የሚባለው መካኒክ አንድ ባትሪ ማዳን ያቃተው ሰው እንደሆነ አወቀ።

ባለፈው ወር ደግሞ ጊልማን ከሆስፒታል አልጋው ላይ ደወለ። ጀልባው ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ታስሯል። «የግራው ባትሪ ሞቷል» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ቻንግሱ ቻርጀሩን ይዞ ሄደ። ነርሷ ይሄ ምንድነው ብትለው የሕመምተኛው ነው አላት፤ አልጋው ሥር አስቀምጦት እስኪነጋ አጠገቡ ተቀመጠ።

አሁን ቻንግሱ ጀልባው ላይ ነው። ጄሆና ፒዮ ከበላዩ ቆመዋል፤ ማልሱን የአመዱን ሣጥን ታቅፋ ከወደቡ ጠርዝ ታያለች። ዓይናቸው እያየ ሳንቃውን ካነሣ፣ ያውቅ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ካላነሣ፣ ጊልማን አይሻገርም።

አነሣው። መለኪያ አልጠየቀም። አረንጓዴውን ፕላስተር ቀስ ብሎ፣ እንዳይቀደድ፣ ዙር በዙር ፈታው። ሽቦውን ከቀኙ ነቅሎ ግራው ላይ አሰረ። ከቀኙ በገመድ ተበድረው ሞተሩን አስነሡ፤ ገመዱን ሲነቅሉትም አልጠፋም። ጄሆ መለኪያውን ባትሪው ላይ አደረገ። አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።

ከዚያ ፒዮ ሰዓቱን አየ። «አራት ደቂቃ» አለ። «አራት ደቂቃ ከሆነ ሥራው፣ አሥራ አንድ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር አንተ?»

«አጎቴ» አለ ጄሆ፣ ዓይኑ ሽቦው ላይ ተተክሎ። «ይሄን ያሰረው አባባ ነው። እርስዎም ያውቁ ነበር።»

ቻንግሱ ፕላስተሩን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። እጁን ከጀልባው ጎን ባሕር ውስጥ ነክሮ ታጠበ፣ በሱሪው አደረቀ፣ ሣጥኑን ለመቀበል ሁለት እጁን ወደ ማልሱን ዘረጋ። እሷ ሰጠችው። ምንም አልጠየቀችውም።

«አጎቴ፣ ለምን?» አለ ጄሆ።

«አላስረዳም» አለ ቻንግሱ። «የጀልባውን ማሰሪያ ፍታ።»