የቶኩጂ ግማሽ መንገድ

አዲሱ ሕግ ሲወጣ የሾፌር ሚስቶች ሁሉ ደስ ሲላቸው የቶኩጂ ሚስት ፉሚኤ ግን ፊቷን አጨማደደች። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ከኦሳካ ቶኪዮ በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ቤት ሲመጣ እንደ እንግዳ መጥቶ፣ እንደ እንግዳ በልቶ፣ ሳይሰለች ይሄድላት ነበር። አሁን በየማታው መምጣት ጀመረ።

ሕጉ ሾፌር እንደ ድሮው ሌት ተቀን መሪ ላይ ተጣብቆ አይዋል አይደር ነው የሚለው። ድርጅቱም መላ ዘየደ። ቶኩጂ ከኦሳካ ተሳቢውን ጎትቶ ሃማማትሱ ይደርሳል፤ ሬንጂ የሚባል አንድ ወጠጤ ደግሞ ከቶኪዮ የራሱን ጎትቶ ይመጣል። መሀል መንገድ ላይ ተሳቢ ተቀያይረው ሁለቱም ወደየቤታቸው ይዞራሉ። ጭነቱ ያልፋል፣ ሰውየው ይመለሳል።

"ደግሞ መጣህ?" ትለዋለች ፉሚኤ። "ትናንት መጥተህ አልነበር እንዴ?"

"ሕጉ ነው ባክሽ።"

"እንግዲህ ሕጉ ራትህን ይሥራልሃ።"

ስድቡን ችሎ ይበላል። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው። ቺናትሱ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ ቶኪዮ ጥግ ላይ፣ ከጭነት ማራገፊያው ብዙም ሳይርቅ ፀጉር ቤት አላት። ድሮ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት በጓሮ በር ይገባና ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል።

"መንገዴ ላይ ስለሆነ ነው" ይላታል ሁልጊዜ።

"አውቃለሁ" ትለዋለች እሷም ሁልጊዜ።

ከዚያ ገና ያላደገውን ፀጉሩን ታጥብለታለች፣ ትከረክምለታለች፤ እሱ ያንኮራፋል። ልጅ ሆና ሲያድርም ሲውልም መንገድ ላይ ስለነበር፣ ሁለቱ ቁጭ ብለው ማውራት አልተማሩም። እዚያ ወንበር ላይ ግን መቀሱ ያወራላቸዋል።

ሕጉ ከመጣ ወዲህ ቶኪዮን አላያትም። ሌላ ቆራጭ ጋ አልሄድም ብሎ ስለደረቀ ፀጉሩ ጆሮውን ሸፈነው።

"ጋሼ ቶኩጂ፣ ባንድ ሊያቋቁሙ ነው እንዴ?" ይለዋል ሬንጂ ተሳቢ ሲቀያየሩ። "ጊታሩን እኔ አመጣለሁ፣ ችግር የለም።"

"ዝም ብለህ ገመድህን እሰር አንተ።"

ይስደበው እንጂ ሬንጂን በጣም ይፈልገዋል። ፉሚኤ በጨው ዘፍዝፋ ያቆየችውን ደበርጃን በሱ እጅ ለቺናትሱ ይልካል። ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነውና እሷም ብስኩት ትልካለች። እሱ ለብስኩቱ መልስ ሻይ ቅጠል፣ እሷ ለሻይ ቅጠሉ ካልሲ። አንድ ቀንም አይደዋወሉም።

"እኔ ሾፌር ነኝ ወይስ የናንተ ፖስታ ቤት?" ይላል ሬንጂ።

አንድ ቀን ታዲያ ሬንጂ ባዶ እጁን መጣ። ሳቁም አብሮት አልነበረም።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ሱቋን ልትዘጋ ነው። ባሏ ሆካይዶ ሥራ አግኝቷል፤ ወሩ ሳያልቅ ይሄዳሉ። 'ከመሄዴ በፊት ይምጣና ፀጉሩን ልቁረጠው' ብላለች።"

ቶኩጂ ጎማውን በእርግጫ ነካ ነካ አደረገው። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

በማግስቱ ስምሪት ክፍል ማኪኮ ጋ ገባ። ማኪኮ መኪናና ሾፌር የምትመድብ፣ ስልክ ከጆሮዋ የማይነቀል ሴት ናት።

"አንዴ ብቻ ሙሉውን መንገድ ስጪኝ። ቶኪዮ አርፌ እመለሳለሁ።"

"የሚያርፉ ከሆነማ ይቻላል። ሕጉ ለወሩ የፈቀደው የመንጃ ሰዓትዎ ካልሞላ ነው ታዲያ።"

ቀን ቆረጠችለት። ከዚያ በፊት ግን ሴኪጋሃራ ላይ በረዶ ወርዶ መንገድ ተዘጋ፤ ቶኩጂ ከተሰለፉት መኪኖች ኋላ ተገትሮ ዋለ፣ አመሸ። ጋቢናው ውስጥ ያለችው ሰዓት መዝጋቢ ደግሞ ለበረዶ አታዝንም፤ ቆጠረች።

"ሞልቷል እኮ" አለችው ማኪኮ። "ቆመውም ቢሆን መሪ ይዘው ነበር። አዲሱ ወር ሲገባ ወዲያው እሰድዎታለሁ።"

"እስከዚያማ ትሄዳለች።"

"ማን?"

"ማንም" አለ ቶኩጂ።

ልጄ ቢላት ኖሮ ማኪኮም የልጆች እናት ናት፣ አንድ ቀዳዳ አታጣለትም ነበር። እሱ ግን ልጄ ሳይላት ወጣ።

ሬንጂ ይህን ሲሰማ በሳቅ ሊሞት። "እና ነገ እረፍት አይደሉም እንዴ? ባቡር ይሳፈሩ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እዚያ ነዎት።"

"ባቡር ተሳፍሬ ሄጄ ምን ልላት?"

"ናፈቅሽኝ ይበሏታ።"

"አባቴ ታሟል ብላ አምቡላንስ ትጠራለች።"

ሁለቱም ሳቁ። ቶኩጂ ግን በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ባቡር ጣቢያ ሄደ። አንድ ካርቶን ጣፋጭ ገዝቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ባቡር መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ። በሯን ሲያንኳኳ የሚላትን በልቡ ሞከረው። መንገዴ ላይ እንዳይል ባቡር መንገዱ አይደለም፤ ሌላ ቃል ደግሞ አላዘጋጀም። ሰዉ ለምሳ ሲበታተን እሱም ተነሥቶ ቤቱ ገባ።

ፉሚኤ ካርቶኑን አየችው። "ለቺናትሱ ነው?"

"ላንቺ ነው።"

"ለኔ?" አንዱን ፈታ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች። "እኔ ባለፈው ሰሞን እህቴ ጋ ነኝ ስልህ ቺናትሱ ጋ ሄጄ ተሰናብቻታለሁ። በባቡር።"

ቶኩጂ ቀና አለ። "ምን አልሻት?"

"ምንም። ሻይ ጠጣን፣ ዕቃ ጠቀለልን። ምን ይባላል ደግሞ?"

አዲሱ ወር ገባ። ማኪኮ ቃሏን አከበረች። ቶኩጂ ሃማማትሱን አልፎ ሲነዳ መንገዱ አዲስ ሆነበት፤ ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን መታጠፊያ ሊስት ምንም አልቀረውም። ጠዋት ጭነቱን አራገፈ፣ መኪናውን ማረፊያው አቆመ፣ በእግሩ ሄደ።

የሱቁ በር ተዘግቷል። በመስኮቱ ሲያጮልቅ ወንበሩ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ክብ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ምናልባት ብሎ በጓሮ ዞረ። እዚያም ቁልፍ ነው። ስልኩን አወጣ።

"አባዬ? ምን ሆነሃል?" አለች ቺናትሱ ደንግጣ። ደውሎላት አያውቅማ።

"ደህና ነኝ። በርሽ ላይ ነኝ።"

ከወዲያ ማዶ የሆካይዶ ነፋስ ይሰማል።

"በረዶ ያዘኝ፣ ሰዓቴም ሞላ" አለ ቶኩጂ። "ሕጉ ነው።"

"እረፍት ቀን የለህም እንዴ?"

"አለኝ። አሁን ብዙ ነው የሚሰጡን።"

ይህን ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። እሷም ገብቷታል፤ አልተቆጣችም፣ ያ ነው የባሰው።

"ፀጉርህ ረዝሟል አሉ" አለችው።

"ሬንጂ ሲቀባጥር ነው። ምን ረዘመ።" ይህን እያለ በእጁ ፀጉሩን ወደ ጆሮው ኋላ ይሰበስባል።

"እሺ። አሁን ሂድና ተኛ አባዬ። ደክሞሃል።"

ስልኩ ተዘጋ። ድሮ እዚህ ሲመጣ ሌላ ጭነት እየጠበቀው፣ በልጁ ወንበር ላይ የሚያንኮራፋባት ጊዜ ከሻይ መጠጫ አትበልጥም ነበር። ዛሬ ሕጉ እስከ ማታ መሪ እንዳትነካ ብሎታል። ቶኩጂ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰፈሩ ገና እየነቃ ነበር፤ ቀኑም ገና ሙሉ።