ቅሬ ከየት መጣ

እኛ ጎጃም ሰው ሲሞት የሚቀብረው እድር ነው። ቆቦ ተመድቤ ስመጣ ቅሬ ይሉታል። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ቃሉ እንቅልፍ ነሳኝ። አንዱ ከዐረብኛ ነው አለኝ፣ ሌላው ከኦሮምኛ፤ ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በመጨረሻ አከራዬን ሼህ ሸረፈዲንን ጠየቅኋቸው፤ የሰፈሩን ቅሬ የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«ከየት እንደመጣስ እንጃ» አሉኝ። «ሲጠራ ውጣና እየው።»

አልወጣሁም። ጠሪው እየዞረ «ቅሬ ውጡ» ሲል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋና ዶማ ይዞ በደጄ ሲያልፍ፣ እኔ ፈተና አርም ነበር። የማላውቀውን ሰው ቀብሬ ምን ላተርፍ? ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በመንገድ ሰላም ይሉኛል፣ ቤቴ ግን ማንም አይገባም። ከፍቶኝ ነበር፤ ኩራቴ ግን አያስወራኝም።

ባለፈው ጥቅምት እህቴ ደወለች። አባታችን አርፏል፣ ተቀብሯልም። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም። ለማን ልናገር? የአንድም ሰው ሬሳ ሳልሸኝ፣ በምን ዓይኔ ኑና አብራችሁኝ አልቅሱ እላለሁ? በሬን ዘግቼ ሁለት ቀን ብቻዬን ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን የሼህ ሸረፈዲን ባለቤት፣ እትዬ ሀሊሜ፣ አንኳኩ። ፊቴን አይተው «ማን ሞተብህ?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ሁለት ቀን ሙሉ? ጎረቤት የለህም እንዴ?» ተቆጥተው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ የጠሪው ድምፅ ተሰማ። «የመምህር ይሁኔ አባት አርፈዋል፤ ቅሬ ውጡ።» አንድም ሰው እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ለእኔ ማን ብሎ?

መጡ። ምንጣፍ ተነጥፎ ግቢው ሞላ። «አብሽር፣ አላህ ያጥናህ» እያሉ ትከሻዬን ያዙኝ። አፍሬ አለቀስኩ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሼህ ሸረፈዲን ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ አባትህን አናውቃቸውም። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? አጫውተንና አብረን እንዘንላቸው።»

«አላምረው ይባላል» አልኩ። «ገበሬ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የምለው ጠፋኝ። አገር ቤት ከሄድኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በስልክ «ደህና ነህ ልጄ?» ይለኛል፣ «ደህና ነኝ» እለዋለሁ፣ እዘጋለሁ። በዚያ ግቢ እሱን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ገበሬ ነበር» አልኩ ደግሜ።