ርካሾቹ ስድስት

«ስድስቱ የት ሄዱ?» አለች ሚዙኤ፤ የሳንቲም አልበሙን ገልጣ ወንድሟ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

ሹኢቺ ጥቁር ክራባቱን እያላላ ነበር። ከኦሳካ ከመጣ ገና አንድ ቀኑ ነው፤ ከዚያ በፊት የአባቱን ደጅ የረገጠው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

«ሳንቲሞቹን ነው? አባዬ ጋ ናቸው» አለ፤ በአገጩ ወደ ሬሳ ሳጥኑ እያመለከተ። «አንገቱ ላይ ባለችው ከረጢት ከተትኳቸው። ቀብር አስፈጻሚዎቹ ምን እንደሰጡን አይተሻል? የሙታንን ወንዝ ማሻገሪያ ስድስት ሳንቲም ብለው ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል። አባዬ ወንዙን በሥዕል ይሻገር እንዴ?»

«አስከሬኑ በሚቃጠልበት እሳት ውስጥ ብረት አይገባም ተብለናል እኮ።»

«ማን ያያል? የአገራችንን ሳንቲም ብጨምር ገንዘብ አጠፋህ ተብዬ በሕግ እጠየቃለሁ። እነዚህ የውጭ ናቸው።» ሊያጽናናት ፈልጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አትስጊ፣ ዋጋቸውን በስልኬ አይቻለሁ። ከብር የተሠሩትን አልነካሁም። ርካሾቹን መርጬ ነው።»

የሚዙኤ ደም ፈላ። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት በሩ ተንሸራተተና ጎረቤቶች እጅ እየነሱ ገቡ። አልበሙን ከድና እሷም እጅ ነሳች። ሌላ ምን ታደርጋለች? ልቅሶ ቤት ነው።

ከሰዓቱን ሙሉ በጉልበቷ ተቀምጣ በገነች። እንግዳው ዕጣን ይለኩሳል፣ ይጸልያል፣ ሻይ ይቀበላል፣ ከዚያ ያንሾካሹካል። «ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ አንድ ቀን እንኳ ፍሬን ረግጠው አላስደነገጡኝም» አሉ አንዲት አሮጊት። «ዝምተኛ ነበሩ» አለ ሌላው። «እስቲ ማን ያውቃቸው ነበር?»

እኔ አውቀው ነበር፣ አለች ሚዙኤ በሆዷ።

አባቷ ቶኩጂ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረው ከዚያው ከአውቶቡሱ ነው። ተሳፋሪ አውቆም ሳያውቅም የሌላ አገር ሳንቲም የሂሳብ መክፈያው ሣጥን ውስጥ ይጥላል፤ ኩባንያው አይፈልገውም፤ እሱ ኪሱ ከቶ ይመጣል። በኋላ ሲጋራውን ተወና በሲጋራው ገንዘብ በኪሎ የሚሸጥ ድብልቅ ሳንቲም መግዛት ያዘ። እሑድ ከምሳ በኋላ ጋዜጣ አንጥፎ ይዘረግፈዋል። ሚዙኤ በማጉያ መነጽር ዓመተ ምሕረቱን ታነባለች፤ እሱ ጡብ በሚያህለው የሳንቲም መዝገብ መጽሐፍ ውስጥ በዚያ ዓመት ስንት እንደተሠራ ይፈልጋል። አምስት ሚሊዮን ከሆነ ሳንቲሙ ወደ ቆርቆሮ ጣሳው ይመለሳል። ሁለት ሺህ ከሆነ ግን ሰውየው ተነስቶ እጁን ታጥቦ ይመጣል።

«ሀብታም የሚሻማበትን ለሀብታም ተይለት» ይላት ነበር። «ጥቂት ተሠርቶ ፈላጊ ያጣ አለ። ዋጋው የአንድ ሳህን ኑድል ነው። እሱን እኛ እንፈልገው።»

በካርታ ላይ ስሟ ከራሷ የሚበልጥ አንዲት ደሴት አለች። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ በዓል፣ አምስት መቶ የአልሙኒየም ሳንቲም ብቻ አሠራች። አባትና ልጅ ዘጠኝ ዓመት ፈለጓት። ያገኘቻት ሚዙኤ ናት፤ በአንድ የገበያ ጉሊት፣ የአዝራር ሳህን ውስጥ። አባቷ መንገድ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ቶኩጂ ሲያለቅስ ያየች እሷ ብቻ ናት፤ ሚስቱን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም።

ታዲያ ነገ እኩለ ቀን ላይ ይህች ሳንቲም ከስድስቱ አንዷ ሆና እሳት ልትገባ ነው። አልሙኒየም ደግሞ እንደ መዳብ ጠቁሮ እንኳ አይተርፍም፤ ይቀልጣል። ለምን? ሹኢቺ ስልኩን ጎርጉሮ ርካሽ ነች ስላለ። በሕይወቱ አንድ ቀን ለአባቱ አንድ ነገር አደረገ፣ እሷንም አበላሻት። አምስት ዓመት አባቷን ያጠበችው፣ ሾርባ ያጎረሰችው ሚዙኤ ናት። እሱ በአዲስ ዓመት ካርድ ይልክ ነበር፤ ያውም የታተመ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ማጠቢያው ጋ ያዘችው።

«ታወጣቸዋለህ።»

«የሞተ ሰው የያዘውን? አብደሻል? ሰው ምን ይላል? ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«የት ነው የምትገዛው? ንገረኝ፣ የት?»

«ሚዙኤ፣ አልሙኒየም ነው እኮ።» ይህን ብሎ እጁን አድርቆ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑ ተከፍቶ ቤተሰቡ አበባ ሲያስገባ፣ የቀብር አስፈጻሚው ሁለት ሰዎች ክዳኑን ይዘው ቆመው ነበር። ሚዙኤ የያዘችውን ነጭ አበባ መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን ወደ አባቷ አንገት ሰደደች። የከረጢቷን ክር ፈታች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሹኢቺ። «ተዪው። ሰው እያየ።»

«ይየኝ። ሬሳ ዘረፈች በሉ። አንተ በቁሙ ያላየኸውን ሰው ስትሸኝ ርካሽ መረጥክለት፤ እኔ ነኝ ሌባ?»

ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። የአባታቸው እህት እትዬ ኪኑኤ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ሳይዞሩ «ቆዩ» አሉት፤ ሰውየውም ቆየ። አሮጊቷ ያን የታተመ ወረቀት ከመሠዊያው ሥር አንስተው በእጃቸው ያዙ። «ቶኩጂ አውቶቡስ ሹፌር ነበር» አሉ። «ወንዝ መሻገር በምን እንደሆነ እሱ ያውቅበታል። ነይ ልጄ፣ ቶሎ በይ።»

ሚዙኤ መዳፏ ላይ ገለበጠቻቸው። እያንዳንዱ ሳንቲም መስኮት ባላት ትንሽ የካርቶን ክፈፍ ውስጥ ነው፤ ጀርባው ላይ አባቷ በእርሳስ ጽፏል። የደሴቷ፦ «አምስት መቶ። ሚዙኤ አገኘችው።» ሌሎቹን አራቱንም ታውቃቸዋለች። ስድስተኛው አሮጌ ነው፤ አይታው አታውቅም። ከአልበሙ የመጨረሻ ገጽ የወጣው ይሆናል፤ አባቷ ያንን ገጽ ገልጦላት አያውቅም። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንድሟ ደረት ላይ ለጠፈችው።

«ገልብጠህ አንብብ።»

ሹኢቺ አነበበ። «ሺህ ሁለት መቶ። ሹኢቺ አገኘው፣ በዘጠኝ ዓመቱ። እኔ አይቼ አልፌው ነበር።»

 እትዬ ኪኑኤ ወረቀቱን ከረጢቷ ውስጥ ከተቱና የወንድማቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።

«የራሱ ጽሑፍ ነው?» አለ ሹኢቺ።

«የማን ይመስልሃል?»

«ከጠረጴዛው ያባርረኝ ነበር እኮ። የሳንቲሙን ፊት በጣትህ አትንካ፣ በጠርዙ ያዘው፣ ላብህ ያበላሸዋል እያለ። አንድ ቀን እጄን መታኝ። ከዚያ ወዲያ አልቀረብኩም።»

«እኔንም መቶኛል» አለች ሚዙኤ። ንዴቱ አልወጣላትም፤ ምናልባት መቼም አይወጣላትም። «እኔ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ።»

ሹኢቺ ካርቶኑን የያዘውን ሽቦ በጥፍሩ ነቀለ፤ ሳንቲሙ መዳፉ ላይ ወደቀ። እንደ ልጅ፣ አውራ ጣቱን የሳንቲሙ ፊት ላይ አድርጎ ጨበጠው። ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

ሚዙኤ ጥርሷን እንደነከሰች እጁን ያዘችው። አውራ ጣቱን ከሳንቲሙ ፊት አነሳችና ጠርዙ ላይ አሳረፈችው።