ጌቴሴማኒ የተኛው አራተኛ ሰው

ሐሙስ ጠዋት አቶ ዘለቀ አልጋቸው ላይ አልነበሩም፤ ሳሎን የተሰቀለው ሥዕል ውስጥ ተኝተው ነበር።

ሥዕሉ ከደብተር አይበልጥም። አባታቸው ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ የገዙት ነው። እንደ ድሮዎቹ የአውሮፓ ባሮክ ሥዕሎች ጨለማ ይበዛዋል፤ ብርሃኑ ከአንድ ጥግ ብቻ ይመጣል። ጌታ በጌቴሴማኒ ተንበርክኮ ይጸልያል፤ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ከወይራ ዛፍ ሥር ተኝተዋል። አሁን አራት ሆነዋል። አራተኛው ቡናማ ሹራብ ለብሷል፤ የሹራቡን የተቀደደ ክርን የጠቀሙት የአቶ ዘለቀ ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት አልጮኹም። ልጃቸው ኤርሚያስ ከሞተ ወዲህ አቶ ዘለቀ እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አልዞረም። ሥዕሉ ፊት ተቀምጠው ያነጋሉ።

«እነዚህ ሰዎች እንዴት ተኙ?» ይሉ ነበር።

«ከሐዘን የተነሣ ነው ይላል ወንጌሉ።»

«ታዲያ እኔስ?»

ወይዘሮ የሺመቤት አፋቸውን ወደ ሥዕሉ አስጠግተው፣ «ዘለቀ፣ ቁርስ ቀርቧል» አሉ። አልተገላበጡም።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያድሰውን ጎረቤታቸውን መክብብን ጠሩት። በማጉያ መነጽር አየና ቀለሙን በጣቱ ነካ አደረገ።

«ደርቋል። ከሌሎቹ እኩል ያረጀ ነው።»

«ማስነሣት አይቻልም?»

«መፋቅ ነው የሚቻለው፣ እትዬ የሺ። ጋሼ ዘለቀ ከተፋቁ ግን ሌላ ቦታ አይገኙም።»

ወይዘሮ የሺመቤት ጆሯቸውን ሸራው ላይ ለጠፉ። እንባቸው ወረደ።

«ያንኮራፋል» አሉ። «ከስንት ጊዜ በኋላ!»

«እና ምን ላድርግ?»

«ተወው፣ ይተኛ። ሣሩ ግን ጤዛ ነው፤ ይበርደዋል። ጋቢ ደርብለት።»

መክብብ ቀጭን ብሩሽ አውጥቶ ነጭ ጋቢ ሣለ፤ ከእግራቸው እስከ ትከሻቸው አለበሳቸው። ጥሩ ጋቢ ነበር፤ እጥፋቱ ሁሉ ይታያል። ወይዘሮ የሺመቤት መረቁት። ያን ቀን ማታ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ እሳቸውንም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሲነቁ ፀሐይ ሳሎኑ ገብታለች። ሥዕሉ ውስጥ ማንኮራፋት አይሰማም። ጋቢው ወደ ላይ ተስቦ የአቶ ዘለቀን ፊት ሸፍኗል። ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ነቅተዋል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡ ሰዎች አቀርቅረው ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል። ራስጌ በኩል ጠጋ ጠጋ ብለው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀዋል።