የአማቴ ሒሳብ

ይህች ከተማ የምትተነፍሰው በእኔ ፈቃድ ነው። በየጣሪያው የተሰቀሉት የአየር ብክለት መለኪያዎች የሚልኩትን አይቼ የነገውን አየር የምተነብይ እኔ ነኝ። ንፋስ እንኳ አቅጣጫ ከመቀየሩ በፊት ቢሮዬ ጎራ ብሎ ያስፈቅዳል።

አማቴ ግን የምናገረውን ሁሉ ለሁለት ያካፍላሉ። «ክንዴን የሚያህል ዓሣ ያዝኩ» ስላቸው፣ «እስከ ክርንህ ነዋ!» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጫማቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ታናሽ እህታቸው በማግስቱ ጠዋት ጠቅልለው ወደ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ አማቴ ደግሞ ከነአስማቸው እስከ መናኸሪያ በእግር ሊሸኙ።

«እማማ፣ ነገስ ይቅርብዎ። ንፋሱ ቆሟል፤ ጭሱ ከተማው ላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ያድራል። ጠዋት የብክለቱ ቁጥር መቶ ሰማንያ ይገባል።»

«ለእኔ ክፉ የሚሆነው ስንት ሲገባ ነው?»

«ከመቶ ሲያልፍ።»

«እንግዲያው ዘጠና ነው፤ እሄዳለሁ» አሉና ውልወላቸውን ቀጠሉ።

ሚስቴ ሳቋ አመለጣት። ሦስት መቶ ስድሳ ልበላቸው ይሆን? ሲያካፍሉት ልኩ ይመጣል። ምላሴ ግን እምቢ አለኝ። ዓሣ በአፌ ውስጥ ያድጋል፤ በዚያች ቁጥር ላይ ግን አንዲት ነጥብ ጨምሬ አላውቅም። ስንቷ እናት እሷን አምና ነው ልጇን ውጪ የምትለቀው!

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ «መቶ ሰማንያ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ጉራው የት ገባ?»

«እማማ፣ ባለፈው ሲያፍንዎት ከጎንዎ ነበርኩ። አሁን የጨመርኩት የለም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጫማውን አልጋ ሥር መለሱት። «ሳልስማት ልትሄድብኝ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጠዋት ጭሱ ቀጠሮዬን አክብሮ መጣ። መርከብ በምታህለው መኪናዬ እህትየውን ከነሻንጣቸው አንስቼ፣ ከመናኸሪያው በፊት ቤታችን አስገባኋቸው። እህትማማቾቹ አንገት ለአንገት ተናንቀው አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ተሳሳቁ።

«አማችሽ በመርከቡ አመጣኝ» አሉ እህትየው።

«ታንኳ ናት!»

«ለመሆኑ ውጪው ምን ያህል ቢከፋ ነው እንዲህ ያስቀረሽ?»

አማቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «መቶ ሰማንያ» አሉ።

ሙሉውን!