በጌጤ ስም

ይርጋ የሌማቱን ክዳን ከፍቶ ቆጠረ።

“ማታ ስድስት እንጀራ ነበር፤ አሁን ሦስት ነው። ማን በላው?”

“ጌጤ ናታ” አለች ሚስቱ ውዴ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

“የአራት ዓመት ልጅ? ሆዷ ጎተራ ነው? እስቲ ጌጤ ትሙት በይ!”

 ውዴና ይርጋ ከጌጤ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ከዚያ ወዲህ ይርጋ በዚህች ልጅ ምሎም አስምሎም አያውቅም። ዛሬ ማይ ካላት ነገሩ ከእንጀራ አልፏል ማለት ነው።

እሷ ደግሞ በጌጤ አስቀድማ ምላለች። ታናሽ ወንድሟ አንዳርጌ አርብ ገበያ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ፣ ከመንገድ አምልጦ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጭድ ክምሩ ውስጥ ስትሸሽገው እጇን ይዞ፣ “ለይርጋም ቢሆን እንዳትነግሪ። ብነግር ጌጤ ትሙት በይኝ” አላት። አለችው። ይርጋ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ የዘማቹን ስም የሚጽፈው እሱ ነው። ብትናገር በልጇ፤ ዋሽታ ብትምልም በልጇ።

“እኔ ልሙት...”

“በአንቺ ማይ አላልኩም! ወንድ ነው አይደል?”

“ጌጤ ትሙት፣ ሌላ ወንድ አላውቅም! እንጀራውን ግን አትጠይቀኝ። አፌ ታስሯል።”

“በምን ታሰረ?”

የውዴ ዓይን ደጅ ወዳለችው ልጅ ሄደ። ይርጋም ተከትሎ አየ። ጌጤ ጭድ ክምሩ አጠገብ ትጫወታለች። ያ ሰው የማያስጠጋ ውሻቸው አፍንጫውን ወደ ክምሩ ቀስሮ ጅራቱን ይቆላል። ውሻውን በቡችላነቱ ያመጣላቸው አንዳርጌ ነበር።

ይርጋ ሌማቱን ቀስ አድርጎ ከደነው።

ወዲያው የማኅበሩ ሊቀ መንበር አለባቸው ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ከደጃፉ ቆመ።

“ጸሐፊ! ያ አማችህ ጠፍቷል። ወዳንተ መጥቷል አሉ።”

“ጌጤ ትሙት፣ በዓይኔ አላየሁትም።”

ውዴ ተነፈሰች። እውነቱን ነው።

“የጸሐፊ ነገር!” ብሎ ሳቀ አለባቸው። “ማየትህን መች ጠየቅሁህ? ግቢዬ ውስጥ የለም ብለህ ማልልኝ። በዚህች ልጅ እንደማትቀልድ አገር ያውቃል። ከማልህልኝ ጭድህን ሳልበትን እመለሳለሁ።”

ይርጋ ወደ ውዴ ዞረ። ራሷን ነቀነቀች፤ ማል ትበለው አትማል፣ ለራሷም አልታወቃትም።

“ጌጤ ትሙት” አለ ይርጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “የለም።”

ሰዎቹ ሄዱ። ጌጤ እየሮጠች ገብታ እናቷ ጉልበት ላይ ወጣች።

“እምዬ፣ አባዬ ለምን እኔን ትሙት አለ?”



“የቀረውን እንጀራ ውሰጂለት” አለ ይርጋ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየና፣ “ሰውነቷ ይሞቃል እንዴ?” አላት።

ውዴ መዳፏን ልጅቷ ግንባር ላይ አሳርፋለች።

“ፀሐይ ላይ ስትጫወት ስለዋለች ነው” አለችው። እጇን ግን አላነሳችም።