የኋሊት ቁልቁለት

የከሰል ምድጃው ከጭነት መኪናዋ ከኦራሏ ሆድ ሥር ከገባ ግማሽ ሰዓት ሞላው። ኤርካሎ ጭቃው ላይ ተንጋሎ መዳፉን የዘይቱን ቋት አስነካ፤ ለብ ብሏል። ተነሥቶ ጋቢና ገባና ቁልፉን ጠመዘዘ። ማስነሻው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ሰለለ፣ ሦስተኛው ላይ ቀጭ ብሎ ቀረ። ባትሪው አልቋል። ከዳሞታ ተራራ የወረደው የሐምሌ ጉም መስታወቱ ላይ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ እኮ» አለች አስካለች ከታች ሆና። ከጉኑኖ ወዲያ ያለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እዚያ ሁለት አራስ ሕፃናት በኦክስጅን ነው የሚተነፍሱት፤ ያለው ኦክስጅን የሚያቆያቸው እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። መንገዱን ዝናብ ስለበላው አምቡላንሱ አላልፍ አለ። ጭቃውን የሚደፍር ከኦራሏ በቀር ስለሌለ ሲሊንደሮቹ እሷ ላይ ተጭነው ይጠብቃሉ።

ኤርካሎ ወታደር ቤት ሳለ ይነዳት የነበረች መኪና ናት። በጨረታ ስትሸጥ ገዝቶ ድንጋይ ያመላልስባታል። ብርድ እንደማይስማማት ስለሚያውቅ ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ያቆማታል፤ ጠዋት አንደርድሮ ያስነሣታል። ትናንት ግን ዝናቡ ሲብስበት፣ ለአንድ ቀን ምን አለበት ብሎ፣ ሽቅብ እንዳየች ትቷት ገባ። አሁን ስንፍናውን ረገመ። የቀረው የኋላ ማርሽ አስገብቶ የኋሊት መልቀቅ ነው። ፍሬኗ ደግሞ በአየር ነው የሚሠራው፤ አየሩም የሚሞላው ሞተሩ ሲነሣ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን አንዴ ፍጥነት ከያዘች አያስቆማትም። ካልተነሣች ከታች ያለው ገደል ይቀበላታል። በዚህ ጉም ከኋላ ሆኖ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል።

ሰው እንኳ ሞልቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወጥቷል። መኪና የሚያውቀው ግን መካኒኩ አንጁሎ ብቻ ነው። የኤርካሎ ሟች እህት ባል ነው፤ ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል። በቀብሯ ዕለት ኤርካሎ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ሐኪም ቤት ሳታደርሳት አዘግይተህ የገደልካት አንተ ነህ» ብሎታል። በሽታዋ ቀድሞም መዳኛ እንዳልነበረው ሐኪሙ ለኤርካሎ የነገረው በሳምንቱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይቅርታውን ዛሬ ነገ ሲል አቆየው፤ በቆየ ቁጥር ከበደው።

አንጁሎ ማንም ሳይለምነው ከሰው መሀል ወጣ። የኤርካሎን ፊት ሳያይ አልፎ ከመኪናዋ ኋላ ቆመ።

«ድምፄን ብቻ ስማ» አለ።

«ካልተነሣች እላይህ ነው የምመጣው።»

«ዐውቃለሁ።»

ጎማውን አግዶ የያዘው ድንጋይ ተነሣ። አንዲት ሴት «ጦሳው፣ አምላኬ፣ አንተ ያዛት!» ብላ ጮክ ብላ ጸለየች። ኤርካሎ ፍሪሲዮኑን ረግጦ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። ኦራሏ እያመነታች ተንሸራተተች፤ ወዲያው ክብደቷ ያዛት። ስፖኪዮው ውስጥ ከጉም በቀር ምንም የለም።

«ግራ! ትንሽ ግራ! አቅና!»

ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች እንጂ አልተነሣችም። መልሶ ረገጠ። ፍጥነቷ ጨመረ፣ ሲሊንደሮቹ ተንኳኩ፣ የኤርካሎ ጀርባ በላብ ራሰ።

«ቀኝ! ቀኝ!»

በጉሙ ውስጥ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አቃተው። ይህ ሰው ሊበቀለኝ ቢፈልግ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር ብሎ አሰበ። ፈራ። ቢሆንም መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ።

«አሁን! እግርህን አንሣ!»

አነሣ። ከሥሩ አንድ ነገር ጎረበጠ፤ ሞተሩ ሩጫዋን ገታ አድርጎ አስነጠሰና አገሣ። ኤርካሎ ፍሪሲዮኑን ረግጦ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሳበ። ኦራሏ እየተንገጫገጨች ከገደሉ አፋፍ ሁለት ክንድ ሲቀራት ቆመች። ማርሹን አወጣ፤ የቀኝ እግሩ ነዳጁ ላይ እንደ ተተከለ ነው።

አንጁሎ እስከ ጉልበቱ ጨቅይቶ፣ እያለከለከ ወደ መስኮቱ መጣ። አስካለች በወዲያኛው በር ገብታ ተቀመጠች።

«በድዬሃለሁ» አለ ኤርካሎ በለሆሳስ።

አንጁሎ መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። «አይሰማም!»

እግሩን ከነዳጁ ቢያነሣ ገና ያልሞቀው ሞተር ይጠፋል፤ ወርዶ በጆሮው ሊነግረው አይችልም። ሰፈሩ ቁልቁለቱን ሮጦ ወርዶ ከብቧቸዋል፤ አብዛኛው ያን ቀን ከቀብሩ ላይ የነበረ ነው። ኤርካሎ ነዳጁን እንደረገጠ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«እህቴን አልገደልካትም!» ብሎ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ዋሽቼ ነው! ሰው ሁሉ ይስማ፣ ዋሽቼ ነው!»

አንጁሎ ዓይኑን ከኤርካሎ ዓይን ላይ አልነቀለም፤ ሰምቷል፤ መዳፉን ግን ድገመው እንደማለት ከጆሮው አላወረደም።